የሰልባጅ ነጋዴዋ መርዶ

የአዴ ዘይቱናን መሞት የነገረኝ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው። ድሬዳዋ፣ ቀፊራ ገበያ አጠገብ ካለችው የልብስ ስፌት ቤቴ በራፍ ላይ ቆሞ የተተረተረ የሱሪ ኪሱን እያሳየኝ ወሬውን በመሃል ጣል አደረገው።

«ያቺ ሰልባጅ ሻጯ የጅቡቲ ጎረቤትህ፣ ዘይቱና፣ አኼራ ሄደች።»

እግሬን ከስፌት መኪናው መርገጫ ላይ አነሳሁ። «ምን አገኛት?»

«ስኳር ነው አሉ። እግሯን ጨርሶት ነበር። ወንዶቹ ወስደው ቀበሯት። ቤቷ ግን ለቅሶ የሚቀመጥላት ጠፍቶ የሰፈሩ ሶማሌዎች ናቸው የተቀመጡላት። የኛ አገር ሴቶች አንዷም ድርሽ አላለችም።»

ለምን እንዳልመጡ አልጠየቅኩትም፤ አውቀዋለሁ። ኪሱን ሰፍቼ ሰጠሁትና ሱቄን ዘግቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ጅቡቲ የወረድኩት ከኤርትራ ጋር የተነሣው ጦርነት የአሰብን በር ዘግቶ የአገሩ ዕቃ ሁሉ በጅቡቲ ወደብ መግባት በጀመረ ሰሞን ነው። ሥራ አለ ሲባል ሰምቼ ሄድኩ። ካርቲየር ሁለት በሚባለው ሰፈር፣ ከቆርቆሮ የተሠራች አንዲት ጠባብ ሱቅ ተከራይቼ የስፌት መኪናዬን ተከልኩ። ግድግዳ የምትጋራኝ ዘይቱና ነበረች። እሷ የምትሸጠውን ሰልባጅ እኔ አሳጥራለሁ፣ አጠብባለሁ፣ የተቀደደውን እሰፋለሁ። የሁለታችንም ደንበኞች አንድ ስለነበሩ ከዓመት ዓመት አብረን ዋልን።

ረጅም፣ ቀጭን፣ ጉንጯ የጎደጎደ ሴት ነበረች። ሐረር ተወልዳ፣ ድሬ አድጋ፣ ባሏን ተከትላ የወረደች። በዕድሜ እናቴን ታክላለች፤ ግን የድሬ ሰው አንቱታ አያውቅም። አንድ የአዲስ አበባ ሰው «እርስዎ» ካላት፣ ከኋላዋ ሌላ ሰው የቆመ ይመስል ዞር ብላ ታይና «አቦ፣ እኔ አንድ ነኝ» ትለዋለች። እኔም አንቺ እያልኩ፣ ለእናት የሚባለውን «አዴ»ን ከስሟ ፊት አስቀድሜ ኖርኩ።

ሰልባጁ የታሰረበት ቦንዳ ከወደብ ሲመጣ ገመዱን ራሷ በቢላ ትቆርጠዋለች። ያ የሰልባጅ ሽታ፣ የቆየ ሳሙናና የታፈነ ሣጥን የሚሸት፣ የኔንም ሱቅ ይሞላዋል። እያንዳንዱን ልብስ መንገድ ላይ ወጥታ ታራግፋለች፤ ከዚያ ኪሱን ገልብጣ ታያለች። «የሰው ኪስ ሳታዪ የሰው ልብስ አትልበሺ፤ የማን ጭንቀት እንደቀረበት አታውቂም» ትላለች። ሱቋ ውስጥ መስታወት አልነበረም። ልብስ የለካች ሴት መስታወት ከጠየቀች «መስታወትሽ እኔ ነኝ» ብላ ከእግር እስከ ራስ ታያታለች። ካማረባት አማረብሽ ነው። ካላማረባት ደግሞ ገበያዋ ቢቀርም አታልፋትም፦ «አውልቂው እቴ፣ ከሬሳ ቤት የመጣሽ አስመሰለሽ።» ሴቶቹ ይስቃሉ፤ ይወዷትም ነበር። ማዕከላዊ ገበያ ያሉት ነጋዴዎች ሁሉንም «ቆንጆ፣ ቆንጆ» እያሉ ስለሚሸጡ፣ እሷ «ያምርብሻል» ስትል ነበር እውነት የሚመስላቸው።

ከፈረንጅ አገር የሚመጣ ቦንዳ ግማሹ የክረምት ልብስ ነው፤ ወፍራም ሹራብ፣ ካፖርት፣ የሱፍ ኮፍያ። ካምሲን የሚሉት የበረሃ ነፋስ ሲነፍስ የበር እጀታ እንኳ እጅ በሚያቃጥልበት ከተማ ማን ካፖርት ይገዛል? የሚገዙት የኛ ሴቶች ነበሩ፤ በየማዳሙ ቤት እያደሩ የሚሠሩት። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ዕረፍታቸው ነው። እየመጡ፣ ላብ በጀርባቸው እየወረደ፣ ሹራብ በላያቸው ላይ ይለካሉ። ለራሳቸው አይደለም። ደጋ ለተዉት ሰው ነው፤ ለእናት፣ ለወንድም፣ ለልጅ። ዘይቱና ያንን የሱፍ ልብስ አጥፋ በፌስታል ስትሰጣቸው፣ «በሰላም ይልበሱት» ትላለች። ከዚያ በላይ አትመርቅም።

ባሏ የወደብ ወዛደር ነበር። እኔ ሳልመጣ በፊት ዕቃ ወድቆበት ሞቷል። ያንን ታሪክ የነገረችኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሹራብ እያጠፈች፣ ቀና ሳትል።

«ጠዋት ነው የሞተው። ሰፈሩ በሙሉ ሰምቷል። እኔ ግን ምሳውን ሠራሁ። ምሳ ሰዓት አልፎ ሲቀር፣ ሥራ በዝቶበት ነው ብዬ ለእራቱ ዓሣ ልገዛ ወጣሁ። ዓሣ ሻጯ ታውቃለች። ታውቃለች፣ ሙክታር! አጥባ፣ በጋዜጣ ጠቅልላ ሰጠችኝ። እንዴት ዋልሽ እያሉኝ አለፉ፣ ሁሉም። ሲመሽ ሽማግሌ ሰብስበው መጡ። እኔ ዓሣውን ጠብሼ ነበር።» ሹራቡን በደረቷ ላይ ይዛ እጅጌዎቹን አጠፈች። «ከሞቱ ይልቅ ያ ዓሣ ነው የሚያንገበግበኝ።»

ከዓርብ ደንበኞቿ አንዷ አስካለ የምትባል የደደር ልጅ ነበረች። ደደር በሐረርጌ ተራሮች ላይ ያለች ብርዳም ከተማ ናት። አስካለ ገና ጡት የጣለች ልጇን ሰናይትን ለወንድሟ ለጌታሁን ትታ ነው የመጣችው። እንደ እሷ ልብስ የሚመርጥ ሰው አላየሁም። ቦንዳ ሲከፈት ቀድማ ትደርሳለች፤ የልጅ ልብሱን ብቻ ለይታ ወለሉ ላይ ትደረድራለች። የልጇን ቁመት የምትለካው በዘይቱና ላይ ነበር። መጀመሪያ ጉልበቷን ነክታ «እዚህ ትደርሳለች» ትላት ነበር። በዓመቱ ጭኗን፣ ከዓመታት በኋላ ወገቧን።

«በምን አወቅሽ?» ትላታለች ዘይቱና።

«ወንድሜ ነግሮኝ። አሁንማ ስልክም ታወራለች። "እማዬ፣ ቀሚሱ ልኬ ነው" አለችኝ። ድምጿ እንዴት እንደሚጣፍጥ!»

ያን ቀን ቀይ የከፋይ ቀሚስ ገዛች። ብብቱ ስር ተተርትሮ ነበር። ቀይ ክር ስላለቀብኝ በብርቱካንማ ክር ሰፋሁላት፤ ስለማይታይ ግድ የለም አለች። በሹፌር እጅ ላከችው።

በሚቀጥለው ዓመት የዘይቱና የእህት ልጅ ደደር ልትዳር ነበርና ለሠርጉ ስትወጣ እኔም ድሬ ለዒድ ስለምሄድ አብረን ተጓዝን። ድሬ ስንደርስ ብቻዬን አልሄድም ብላ ደደር ድረስ ይዛኝ ወጣች። ጠመዝማዛውን ጨርሰን ከመኪና ስንወርድ ጭጋጉ መሬት ድረስ ወርዶ ነበር። ዘይቱና በስሷ የጅቡቲ ቀሚስ፣ በድሪያዋ ቆማ ጥርሷ ተንገጫገጨ። ያን ሁሉ ዓመት ሹራብ ስትሸጥ ለራሷ አንድም አልነበራትም።

«ያ ረቢ! ና፣ አንድ ነገር እንግዛ» አለች።

ዋናው መንገድ ላይ «ቡቲክ» ተብሎ የተጻፈበት የአዲስ ልብስ ቤት ገባን። ዋጋ ጠየቀች፣ ጨርቁን በጣቷ አሸት አሸት አደረገችና «ይሄ አንድ ዝናብ አይችልም» ብላ ወጣች። ቀጥሎ ሰልባጅ ቤት ነበር። እዚያ እንደ ቤቷ ገባች። ካፖርት ለካች፣ ኪስ ገለበጠች፣ ከባለቤቲቱ ጋር ተሟገተች፤ ደስ ብሏት ነበር። አንድ ቡናማ ካፖርት ለብሳ «እንዴት ነኝ?» ልትለኝ ስትዞር፣ ከግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ቀይ የከፋይ ቀሚስ አየች።

እኔም አየሁት። አውርጄ ብብቱን ገለጥኩ። ብርቱካንማ ክር። የእጄ ስፌት።

«ይሄን ከየት አመጣሽው?» አለች ዘይቱና።

«ከጅቡቲ ነው፣ ጥሩ ዕቃ ነው» አለች ሴትየዋ። «ጌታሁን የሚባል ሰው ነው የሚያመጣልኝ። እህቱ ትልክለታለች።»

«ለልጇ አይደለም እንዴ የምትልከው?»

ሴትየዋ ወደ በሩ አየት አድርጋ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ለሰናይት? ሰናይትማ ነፍሷን ይማራት፣ በኩፍኝ ሞታለች። እናቷ በሄደች በዓመቷ ነው። ምስኪን፣ እናትየው መርዶውን አልተረዳችም።»

ዘይቱና ካፖርቱን አውልቃ መልሳ ሰቀለችው። የጌታሁን ቤት የት እንደሆነ ብቻ ጠየቀች።

ቤቱ ከከተማው ጫፍ ቁልቁለቱ ላይ ነበር። አጥር ግቢው ውስጥ አንዲት ልጅ ቆማለች፤ የለበሰችውን ሰማያዊ ሹራብ ሁለታችንም እናውቀዋለን። ጌታሁን ወጣ፤ ከሥራ የመጣ፣ እጁ ጭቃ የያዘ፣ ጨዋ ፊት ያለው ሰው። ከጅቡቲ መምጣታችንን ስንነግረው ፊቱ ተለወጠ።

«ነገራችኋት?»

«ገና አሁን መስማታችን ነው» አለች ዘይቱና። «ለምን ደበቅካት?»

«በሰው አገር፣ ብቻዋን፣ እንዴት ትረዳ? ማን ይይዛታል? ማን አብሯት ያለቅሳል? ስትመጣ ሰው ሰብስበን እናረዳታለን ብለን ነው።»

«መቼ ነው የምትመጣው?»

እጁ ላይ የደረቀውን ጭቃ በጥፍሩ ማላቀቅ ጀመረ።

«ስልክ ላይ የምታወራት ልጅስ?»

ወደ ልጁ ተመለከተ። ልጅቷ ጣቷን በሹራቡ እጅጌ ውስጥ ደበቀች። «አንድ ቀን "ድምጿን ካላሰማኸኝ" ብላ አለቀሰችብኝ» አለ። «አፌ እምቢ አለኝ። የኔዋን ልጅ አቀረብኳት። እማዬ በያት አልኳት። ከዚያ በኋላ መመለሻውን ከየት ላምጣው?»

ለዘይቱና እግር ጎንበስ ሲል ትከሻውን ይዛ አቀናችው። ሠርጉ ላይ አንድ ጉርሻ አልዋጠችም።

ጅቡቲ ተመልሰን ዘይቱና ጥቂት ሰው አማከረች። ከክርስቲያኖቹ ማኅበር ትልቋ እማማ ፀዳለ እጇን ይዛ ለመነቻት። «ልጄ፣ ተይ። አስካለ የሰው ቤት ነው የምታድረው። ራሷን ታጠፋለች። የኛ ወግ መርዶ በወገን መሃል ነው።» እኔም ተይ አልኳት። ዘይቱና ሁላችንንም ሰምታ ወደ ሹራቧ ተመለሰች።

ዓርብ አስካለ መጣች። ዘይቱና «የሚሸጥ የልጅ ልብስ የለኝም» አለቻት። ልብሱ በዓይኗ ፊት ተሰቅሏል። አስካለ ተቀይማ ሄደች። በሚቀጥለው ዓርብ ግን፣ ቂም የማታውቅ ልጅ ነበረች፣ ከሌላ ሱቅ ጥቁር የትምህርት ቤት ጫማ ገዝታ ልታሳየን መጣች።

«እዪልኝ አዴ፣ ዘንድሮ ሁለተኛ ክፍል ትገባለች። ይበቃታል?»

ዘይቱና ጫማውን ተቀበለቻት። ገልብጣ ሶሉን አየችው። ከዚያ ጎኗ አስቀመጠችውና አስካለን እጇን ይዛ ቦንዳው ላይ አስቀመጠቻት።

«አስካለ፣ ሰናይት ሞታለች። ደደር ሄጄ ነበር። በኩፍኝ ነው፤ ቆይቷል። ሁሉም ያውቃል፤ ያላወቅሽው አንቺ ብቻ ነሽ።»

አስካለ ሳቀች። «ምን ነካሽ? እሑድ አውርቻታለሁ እኮ።»

«እሷ አይደለችም።»

«ማን ናት ታዲያ?»

«የጌታሁን ልጅ ናት።»

አስካለ እኔን አየችኝ። ዓይኔን መሬት ላይ ተከልኩ። ያኔ አመነች።

«እማዬ ስትለኝ የነበረችው?»

«አዎ።»

የጮኸችውን ጩኸት አሁን ልገልጸው አልሞክርም። የተሰቀለውን ሹራብ ሁሉ እየጎተተች አወረደችው፤ ፊቷን ቀበረችበት፤ ነከሰችው። ከመንገዱ ማዶ ሻይ የምትሸጥ ሶማሌ ሴት ሮጣ መጥታ፣ አንድ ቃል ሳይገባት፣ ከኋላ አቅፋ ያዘቻት። ዘይቱና ከፊቷ ተንበርክካ ነበር። አስካለ ደረቷን ስትመታት ዘይቱና አልተከላከለችም።

አስካለ ሥራዋን አጣች። ማዳሟ ትንሽ ታገሰቻትና በለቅሶዋ ብዛት በቦታዋ ሌላ ሴት አስገባች። ዘይቱና እኔ ጋ እደሪ ብትላት እምቢ አለች። አንድ ቀን በሱቁ በራፍ አልፋ ስትሄድ ቆም ብላ የተናገረችውን እኔም ሰምቻለሁ።

«ልጄን ኩፍኝ ወሰደብኝ። ያቺን የስልኳን ልጅ ግን የወሰድሽብኝ አንቺ ነሽ።»

ከዚያ ወዲህ አላየናትም። ወደ ኦቦክ ወደብ ከሚሄዱት ጋር ሄደች፣ የመን ልትሻገር ነው ተባለ። በዚያው ሰሞን ከኦቦክ ማዶ አንድ ጀልባ ተገለበጠ። እሷ በዚያኛው ትሁን በሌላኛው የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ሰው ግን ፍርዱን ሰጠ። «ባትነግራት ዛሬም ማዳሟ ቤት ትሠራ ነበር» አሉ። እማማ ፀዳለም እንደዚሁ አለች። ጥቂት ወር ቆይቶ ጌታሁን ራሱ ወረደ። ሙቀቱ አጥወልውሎት፣ የደጋ ካፖርቱን በክንዱ አንጠልጥሎ ሱቁ በር ላይ ቆመ።

«ሞታም ከሆነ ንገሪኝ» አላት። «ለእናቴ ይዤላት የምገባው ቃል ስጪኝ።»

«ያላየሁትን ሞት አላረዳም» አለችው።

«እኔ ደብቄ ዓመታት አኖርኳት። አንቺ ተናግረሽ በወሯ ጠፋች። ታዲያ ማናችን ነን የገደልናት?»

ዘይቱና ውኃ ቀዳችለት። ጠጣ፤ ግድግዳውን ተደግፎ አለቀሰ፤ በማግስቱ ወደ ደደር ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ከየመንና ከሳዑዲ የተመለሰ ሰው ባገኘች ቁጥር ስለ አንዲት የደደር ሴት ትጠይቅ ነበር። ቀይ፣ ግንባሯ ላይ ጠባሳ ያላት። ማንም አላየም።

የሚገርመው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። አገር ቤት ያሉ ሰዎች፣ ጅቡቲ ያለ ዘመዳቸውን ማርዳት ያቃታቸው፣ ለእሷ መላክ ጀመሩ። ሹፌር ይመጣና «የእንትና አባት አርፏል፣ አንቺ ትነግሪያለሽ ብለውኛል» ይላታል። ስልክም ይደወልላት ጀመር። አንድም ቀን እምቢ አላለችም። ባሏ የሞተ ቀን የጠበሰችው ዓሣ ነው መሰለኝ። እየሄደች ትነግራለች፤ ከነገረች በኋላ ሰውየው ወይም ሴትየዋ እስኪበቃቸው አብራ ትቀመጣለች። ሰዎቹ ግን ያንን መቀመጧን አያስታውሱም፤ የሚያስታውሱት አፏን ነው። ሴቶቹ ቀስ በቀስ ከሱቋ ቀሩ። ማዕከላዊ ገበያ ውስጥ ስታልፍ መንገድ ይለቁላታል። አንዷን በስሟ ከጠራቻት ገና ዘወር ሳትል ራሷን ትይዛለች፤ ዘይቱና የጠራቻት የወደቀ መሃረብ ልትሰጣት ቢሆንም። ሹራቡ ሳይሸጥ በላይ በላይ ይከመር ጀመር።

የእናቴንም ሞት ያረዳችኝ እሷ ናት። ጠዋት ሱቄን ከፍቼ ገና የስፌት መኪናዬን ዘይት ሳጠጣ መጣችና በርጩማ ስባ ተቀመጠች። «ሙክታር፣ እናትህ ትናንት አርፋለች። ተቀብራለች። አሁን እኔ እዚህ ነኝ» አለች። ያን ቀን እስኪመሽ ከአጠገቤ አልተነሳችም። ጠላኋትም፣ ወደድኳትም፤ ሁለቱም እውነት ነው።

ወደ ድሬ ለመመለስ ዕቃዬን በምሸክፍበት ሳምንት፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ሰው ሁሉ ከፀሐይ ሸሽቶ በየቤቱ በገባበት ጊዜ፣ ሱቋ ውስጥ ተቀመጥን። እግሯ ያኔ አብጦ ነበር፤ ቦንዳ ላይ ሰቅላዋለች።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለችኝ። «እንዳትሸነግለኝ። ባልነግራት ኖሮ አስካለ ትኖር ነበር?»

ስንት ዓመት አብረን ስንውል እንዳትጠይቀኝ እፈራ የነበረው ይህንን ነበር። ሌላ ሰው ብትሆን ኖሮ «አላህ የጻፈው ነው» ብዬ አልፍ ነበር። ለእሷ ግን አልሆነልኝም።

«ትኖር ነበር» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። «ልክ ነህ» አለች። ቀጥላም «ያንን የትምህርት ቤት ጫማ ግን ለማን ልትልክ ነበር?» አለች።

ከዚያ ሻሿን አስተካከለችና በእጄ ተደግፋ ተነሳች። ባሕሩ አጠገብ ካሉት ትልልቅ ቤቶች በአንዱ የምትሠራ አንዲት የሂርና ልጅ አለች፤ ወንድሟ ሞቷል፤ ሹፌሩ ጠዋት ነው ለዘይቱና የነገራት። በዚያ እግሯ ብቻዋን እንድትሄድ አልተውኳትም። በአስፋልቱ ትኩሳት ውስጥ እያረፍን፣ በግንቦች ጥላ እየተጠጋን ሄድን። ደወሉን ተጫነች። ከውስጥ የነጠላ ጫማ ድምፅ መጣ፤ በሩ ተከፈተ። ሽርጥ ያገለደመች፣ እጇ አረፋ የያዘ ወጣት ሴት ብቅ አለች።

ልጅቷ ዘይቱናን እንዳየች ማን መሆኗን አወቀች፣ ግንቡን ይዛ ጠየቀች፦

«ከቤት ማን ነው?»